ጭቅጭቁ ቢጠፋ ነው የሚያስፈራኝ

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል፤ አንዱማ «ጓደኞችህ ተጋለጡ» የሚል ማብሰሪያ ጨምሮበታል። ጽሑፉ ማንም ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው ስለሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ፣ ስለ ዊኪፔዲያ ነው። በተለይ አርታኢዎች ሲጣሉ ጸቡ እንዴት እንደሚያልቅ ያወራል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። ያስቃል፣ ያናድዳል፣ ቶሎ ያልቃል። እኔ እዚያ ሰፈር ለዓመታት ስመላለስ የኖርኩ ነኝ። ጸሐፊው ያዩትን ጉድ እኔም አይቻለሁ። በድምዳሜያቸው ግን አልስማማም።

ሐሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ዊኪፔዲያ ላይ የሚያሸንፈው ያወቀ ሳይሆን ያልታከተ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጸቡ የሚፈታው በድምፅ ብልጫ ስለሆነ ብዙ ደጋፊ ያሰለፈ እውነትን ይወስናል። ሦስተኛ፣ ገለልተኝነት የሚባለው ነገር እውነትንና ውሸትን እኩል ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። አራተኛ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለየዘርፉ ባለሙያ ይሾምና የመጨረሻውን ቃል እሱ ይናገር። አምስተኛ፣ የታተመ ምንጭ አምጡ የሚል ሥርዓት ታሪኩን በቃል ላቆየ ሕዝብ አይሆንም፤ ስለዚህ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከንቱ ልፋት ነው። በመጨረሻም፣ በየቀኑ የሚጣሉ ሰዎች የጻፉት ነገር እንዴት ይታመናል ብለው ይጠይቃሉ።

በቅደም ተከተል ልመልስ። ዓመታቱን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ያልታከተ ያሸንፋል በሚለው ልጀምር፤ ምክንያቱም አንድ ሰሞን ያልታከትኩት ሰው እኔ ነበርኩ። ጉዳዩ የራስ ደጀን ከፍታ ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት 4,620 ሜትር ብዬ ነው። በልጅነቴ የሸመደድኩት ስለሆነ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አልስተውም። አንድ ቀን በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ 4,550 የሚል አየሁ። ደሜ ፈላ። ቀየርኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አንዱ መልሶታል። እንደገና ቀየርኩ፤ እንደገና መለሰ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ማስጠንቀቂያ መጣልኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን እርማት ከሻረ ሊታገድ ይችላል። «ልክ የሆንኩት እኔ ነኝ» ማለት አያድንም። ደንቡ ማን ልክ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ስንት ጊዜ እንደሻርክ ብቻ ይቆጥራል። ሦስት ሳልሞላ ቀስ እያልኩ ልሻር የሚል ብልጠትም አያዋጣም። ያም የእርማት ጦርነት ተብሎ ያሳግዳል።

ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ እየተበሳጨሁ አርታኢዎች ስለ ገጹ ወደሚነጋገሩበት ወደ ውይይት ገጹ ሄድኩ። ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። 4,620ን ማን ለካው? መቼ? መልስ አልነበረኝም። «መጽሐፋችን ላይ አለ» አልኩ፤ ስጽፈው ራሴ አፈርኩ። እሱ የኔ ቁጥር የድሮ ልኬት መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ልኬቶች ዝቅ እንደሚሉ የሚያሳዩ ምንጮች ደረደረልኝ። ተሸነፍኩ። ልብ በሉ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የዋልኩት እኔ ነኝ። ያሸነፈው ብቅ ብሎ የሚጠፋው ሰውዬ ነው። (ተራራውን «ራስ ዳሸን» እንበለው ወይስ «ራስ ደጀን» የሚለው ሌላ ጸብ ነው። እሱን ሌላ ቀን።)

እንዲያም ሆኖ ጸሐፊው ባዶ አልተናገሩም። ደንቡ ጯሂውን ይይዛል። ትሑት ግትር ግን ያመልጠዋል። ማንንም የማይሰድብ፣ ሦስት ጊዜ የማይሽር፣ ግን ያንኑ ክርክር በየወሩ በአዲስ ቃል እያመጣ ሰው የሚያሰለች አለ። የሚያስተምረው ክፍል ወይም የሚያክመው በሽተኛ ያለው ባለሙያ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ስንት ቀን ይቆያል? ትቶ ይሄዳል። ይህን ቀዳዳ የደፈነ ደንብ እስካሁን አላየሁም።

የጠቀሱት የእርጎ ጉዳይም እውነት ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እርጎ የሚለው ቃል በ«ኤች» ይጻፍ ወይስ ያለ «ኤች» የሚለው ክርክር ከ2003 እስከ 2011 ተጎትቷል። ስምንት ዓመት ለአንዲት ፊደል! ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሁለት ነገር ልጨምር። በዚህ ጸብ ምክንያት ስለ እርጎ አሠራር ተሳስቶ የወጣ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ጸቡ ርእሱ ላይ ነበር፤ ሥራው ከሥር ቀጥሏል። ደግሞስ እኛ በየትኛው አፋችን ነው የምንስቀው? ሦስት «ሀ»፣ ሁለት «ሰ»፣ ሁለት «አ»፣ ሁለት «ጸ» ይዘን? «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አስር ሰው አስጽፉና ስንት ዓይነት እንደሚወጣ እዩ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ለዚህ የሚጠቀምበት ዘዴ መምሪያ መንገድ ይባላል። አንዱ አጻጻፍ ርእስ ይሆናል፣ በሌላው አጻጻፍ የፈለገውም ሰው እዚያው ይደርሳል። ብዙ ጸብ የሚሞተው እንዲህ ነው። ፈራጅም አይፈልግ።

ወደ ድምፅ ብልጫው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው መረጃውን ራሱን ስተውታል። ክርክር ሲከር የሚሄድበት መንገድ አለ። መጀመሪያ ባለጉዳዮቹ በውይይት ገጹ ይነጋገራሉ። የተጣሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑና ካልተግባቡ፣ ሦስተኛ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ይጠየቃል። የኛን ሽምግልና ይመስላል። ልዩነቱ፣ የኛ ሽማግሌ የሁለቱንም አባት የሚያውቅ ነው፤ እዚያ ግን ማንንም የማያውቅ ሰው ነው የሚፈለገው። ያም ካልሆነ ጥያቄው ለሁሉም ክፍት ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ቀን። ከዚያ በክርክሩ ያልነበረ ሰው መጥቶ፣ የተባለውን አንብቦ፣ መዝኖ ይዘጋዋል። መዝኖ ነው ያልኩት፤ ቆጥሮ አላልኩም። «እስማማለሁ» ብለው ብቻ የፈረሙ ሃያ ሰዎች ምንጭ ይዘው በመጡ ሦስት ሰዎች ሊረቱ ይችላሉ። ከቴሌግራም ግሩፕ ሰው ቀስቅሶ ማስገባት ክልክል ነው። አንዱ ሰው በአምስት ስም ከገባም፣ ማን ከየት እንደገባ ለማየት የተፈቀደላቸው መርማሪዎች አሉ። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች ዘመድ አሰልፎ ሊመጣ ይችላል። ዳኛው ፊት የሚረታው ግን ነገሩን ባቀረበው ልክ ነው። ነገሩ ወደዚያ ይጠጋል።

ፍርድ ቤት ብለው ስለጠሩት አካልም ላስተካክል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የግልግል ኮሚቴ አለው፤ 15 መቀመጫ ያለው፣ አባላቱን አርታኢዎች የሚመርጧቸው። ጸሐፊው ይህ ኮሚቴ ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ይወስናል ይላሉ። አይወስንም። ሥልጣኑ ጸባይ ላይ ነው። ማን ተሳደበ፣ ማን አጭበረበረ፣ ማን አላሠራ አለ የሚለውን ያያል። የገጹ ይዘት ምን ይሁን ለሚለው መልስ አይሰጥም። ለምሳሌ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአፍሪካ ቀንድን፣ ማለትም ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ጅቡቲን፣ አወዛጋቢ ከሚባሉት ርእሶች ጋር መድቧል። ይህ ማለት በነዚህ ገጾች ላይ ጸባይ የሚያበላሽ ሰው ከሌላው ቦታ ፈጠን ብሎ ይቀጣል ማለት ነው። የኛን ጦርነት የጀመረው ማን ነው፣ ስንት ሰው ሞተ በሚለው ላይ ኮሚቴው ቃል አልተነፈሰም። እዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ደስ አይልም። ግን ለፍተን ነው የገባነው።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ያላነሱትን ለእሳቸው የሚጠቅም ነገር እኔው ላንሳላቸው። አንዳንዴ በእርግጥ ድምፅ ተሰጥቶ ያውቃል። ፖላንድ ውስጥ ግዳንስክ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ጀርመኖች ዳንዚግ ይሏታል። ስሟ ላይ የነበረው መሻሻር ማለቂያ አልነበረውም። በ2005 አርታኢዎቹ ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲጻፍ ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ላለው ግዳንስክ የሚል ሆነ። ያም ሆኖ ድምፅ የተሰጠው ስለምን ነበር? ስለ ስም። ከተማዋን ማን ገነባት፣ ማን አወደማት የሚለው ለድምፅ አልቀረበም።

ከዚህ የከፋው የክሮኤሽያው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ጽሑፋቸው እጥፍ በጠነከረ ነበር። ከ2009 ገደማ ጀምሮ የክሮኤሽያኛውን ዊኪፔዲያ የቀኝ አክራሪ አመለካከት ያላቸው ጥቂት አድሚኖች፣ ማለትም ገጽ የመቆለፍና ሰው የማገድ ሥልጣን ያላቸው አርታኢዎች፣ ያዙት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰዎች ያለቁበትን የያሴኖቫጽ ካምፕ ታሪክ አለሳልሰው ጻፉ። የተቃወመ ይታገዳል፤ የታገደ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ የሌለው ሰው ደግሞ አድሚን አይሽርም። በ2013 ነገሩ አደባባይ ወጥቶ የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ተማሪዎች እንዳይጠቀሙበት እስከ መምከር ደረሱ። ከነዚያ አድሚኖች ዋናው የታገደው ግን በ2020 ነው። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ ምን እንደተፈጠረ የሚዘረዝር ሪፖርት ያወጣው በ2021። ከአስር ዓመት በላይ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ የጸሐፊውን ነገር አያረጋግጥም? እኔ የማየው ሌላ ነው። እዚያ መጀመሪያ የጠፋው ጸብን የሚፈታው ሥርዓት አልነበረም። መጀመሪያ የጠፋው ጸቡ ነው። የሚቃወመው ሰው ሁሉ ተባርሮ ገጾቹ ሰላም ሆኑ። እዚህ ነጥብ ላይ እመለስበታለሁ።

ገለልተኝነት። ጸሐፊው እንዲህ ያሾፋሉ፦ አንዱ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው ቢል፣ ሌላው ስድስት ቢል፣ ዊኪፔዲያ አምስት ብሎ ይጽፋል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ደንቡ ግን ይህን አይልም። አንድ አመለካከት በገጹ ላይ ቦታ የሚያገኘው በታመኑ ምንጮች ውስጥ ባለው ክብደት መጠን ነው። ለዚህ ነው ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚለው ሰው ስለ መሬት በሚናገረው ገጽ ላይ ግማሹን የማይወስደው።

ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር ላምጣ፣ ምክንያቱም ለዚህ ከውጫሌ ውል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። ጣልያንኛው ደግሞ በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ሮም ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። አሁን ይህን ገጽ አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ጣልያናዊ ቁጭ ብለው ይጻፉት እንበል። ጸሐፊው እንደሚሉት ከሆነ መሀሉን ይይዛሉ። መሀሉ ምንድን ነው? «ይችላሉም፣ ግዴታም አለባቸው»? ትርጉም የለውም። የሚጻፈው የሚታወቀው ነገር ነው። አማርኛው ይህን ይላል። ጣልያንኛው ያንን ይላል። ኢጣልያ በዚህ ተመርኩዛ የሞግዚትነት ጥያቄ አነሳች። ምኒልክ አልተቀበሉም፤ በመጨረሻም ውሉን ሻሩ። ጦርነት ሆነ፤ ዓድዋ ላይ ተጠናቀቀ። በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ጣልያናዊው የሚሰርዘው ዓረፍተ ነገር የለም፤ ኢትዮጵያዊውም የለውም። እውነቱ ግን አልተድበሰበሰም፤ እንዲያውም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አንባቢው ማን ማንን ሊያታልል እንደሞከረ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ አለ።

አንድ ነገር ልቀበል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሁለቱም ወገን የሚቀበለው መረጃ ሲኖር ነው። ገና ትኩስ በሆነ፣ ምንጮቹ ራሳቸው በተከፋፈሉበት ጦርነት ላይ ገጹ ለወራት እንደ ኳስ ሲመታ ይከርማል። በዚያ ጊዜ ያነበበ ሰው ምን እንደሚያገኝ በዕድሉ ነው። እንዲህ ሲሆን አድሚኖች ገጹን ቆልፈው አዲስ ገቢዎች እንዳይነኩት ያደርጋሉ። ቁልፉ ጸቡን ወደ ውይይት ገጹ ይገፋዋል እንጂ አይፈታውም።

ባለሙያ ይሾም የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ልብ ይገባል። ችግሩ ተሞክሮ መውደቁ ነው። ዊኪፔዲያ በጥር 2001 ከመጀመሩ በፊት እነዚያው ሰዎች፣ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር፣ ኑፔዲያ የሚባል ነገር ይሠሩ ነበር። የባለሙያዎች ነበር። አንድ ጽሑፍ እስኪወጣ ሰባት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያው ዓመት ያለፉት ጽሑፎች 21 ናቸው። ሃያ አንድ! ዊኪፔዲያ በመጀመሪያ ዓመቱ ወደ 20 ሺህ ገደማ ደረሰ። ኑፔዲያ በ2003 ተዘጋ። ሳንገር ተስፋ አልቆረጠም፤ ቆይቶ ባለሙያ የሚያጸድቀው ሌላ ኢንሳይክሎፔዲያ ጀመረ። እሱም አልተራመደም።

ደግሞስ ኢንተርኔት ላይ ባለሙያውን እንዴት ታውቀዋለህ? በ2007 የወጣው ቅሌት ለዚህ መልስ ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ነኝ የሚል፣ በጣም የተከበረ አርታኢ ነበር። የግልግል ኮሚቴው አባል እስከመሆን ደርሷል። በክርክር መሀል «ይህን ለተማሪዎቼ ነው የማስተምረው» ዓይነት ነገር ይል ነበር። ሲጣራ ዲግሪው የሌለው የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኘ። «ፕሮፌሰር ነኝ» የሚል ቃል አይጣራም። «ገጽ 112 ላይ ተመልከት» የሚለው ግን ይጣራል። ለዚህ ነው እዚያ ቤት ዲግሪህን ሳይሆን መጽሐፍህን አምጣ የሚሉህ።

እርግጥ ነው፣ ይህ ባለሙያን ያስከፋል። ዕድሜውን አንድ ጉዳይ ሲያጠና የኖረ ሰው በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ምንጭ?» ሲባል ምን እንደሚሰማው ይገባኛል። ተማሪው ጥያቄውን በትሕትና ቢጠይቅ አይጠላም ነበር። ግን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚል ተረት ያለን ሰዎች፣ ለአንድ ሰው የመጨረሻውን ቃል እንስጥ ስንል ትንሽ ማሰብ አለብን። በተለይ የኛ አገር ታሪክ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ ለምናውቅ።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። አያቴ የነገሩኝ የአንድ ደብር ታሪክ አለ፤ ማን እንደተከለው፣ ታቦቱ ከየት እንደመጣ፣ በስንት ቀን መንገድ። ጻፍኩት። ምንጭ የለውም ተብሎ ተሰረዘ። እዚያው ገጽ ላይ ግን አንድ የውጭ አገር መንገደኛ በአንድ ሌሊት እንግድነት የጻፈው፣ የቦታውን ስም ሳይቀር ያበላሸበት ዓረፍተ ነገር ቀረ። ታትሟላ! ጸሐፊው ሥርዓቱ ለኛ አልተሠራም ሲሉ ይህንን ዓይነት ነገር እያሰቡ ከሆነ፣ ልክ ናቸው። ያማል።

ከዚህ ተነስተው ልፋቱ ከንቱ ነው ማለታቸው ግን አይከተልም። አንደኛ፣ እኛ የጽሑፍ ደሀ የሆንን ያህል አድርገው ማውራታቸው ይገርመኛል። ዜና መዋዕሉ፣ ገድሉ፣ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በወመዘክር መደርደሪያ ላይ የተኛው፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ምንጩ የግድ ኢንተርኔት ላይ መገኘት የለበትም። ለእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያም እንኳ ምንጩ የግድ በእንግሊዝኛ መሆን የለበትም። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ፣ አሳታሚው፣ ዓመቱና ገጹ ተጠቅሶ፣ ሕጋዊ ምንጭ ነው። «አማርኛ ነው፣ አላነበውም» ብሎ የሰረዘብኝ ሰው ነበር። ደንቡን አሳየሁት፤ መለሰው።

ሁለተኛ፣ የየቋንቋው ዊኪፔዲያ ዝርዝር ደንቡን የሚያወጣው የራሱ ማኅበረሰብ ነው። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎች የሚያውቁትን በድምፅ ቀርጾ እንደ ምንጭ የመጥቀስ ሙከራ ተደርጓል። በትልልቆቹ ዊኪፔዲያዎች ብዙም አልተለመደም። ነገር ግን የአማርኛው ማኅበረሰብ ተወያይቶ «የተቀረጸ፣ ተናጋሪው የታወቀ፣ ሌላ ሰው ሊያዳምጠው የሚችል ቃል እንቀበላለን» ቢል ማን ይከለክለዋል? የአያቴን ቃል ቀርጬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምከራከርበት ነገር ይኖረኝ ነበር። አልቀረጽኩም። አሁን የሉም።

ሦስተኛ፣ ምንጭ መጠየቁ የሚያናድደን የኛን አያት ሲመለከት ብቻ ነው። የጎረቤት አያት ሌላ ታሪክ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ «ምንጭ!» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በየቀኑ የሚጣሉ ሰዎች የጻፉት እንዴት ይታመናል? እኔ የምጠይቀው ተገልብጦ ነው። ማንም ያልተጣላበት ገጽ እንዴት ይታመናል?

ሁለት ነገር ላስታውስ። በ2005 የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ የጆን ሲገንታለር የሕይወት ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው «በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው ግድያ ተጠርጥሮ ነበር» የሚል ቅጥፈት ጨመረ። አራት ወር ያህል ሳይነካ ቆየ። የቆየው በክርክር መሀል አይደለም። ያየው ስላልነበረ ነው። ሁለተኛው የስኮትስ ነው፤ በስኮትላንድ የሚነገር ቋንቋ። በ2020 እንደታወቀው፣ ስኮትስ የማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ ከ20 ሺህ በላይ ገጾችን እንግሊዝኛን እያጣመመ ሲጽፍ ኖሯል። ክፋት አልነበረበትም፤ የጠቀመ መስሎት ነው። ለዓመታት «ኧረ ይህ ቋንቋችን አይደለም» ብሎ አጥብቆ የተጣላው ሰው አልነበረም። ሰላም ነበር። በክሮኤሽያም እንዳልኩት ሰላም ነበር።

በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የአሜሪካን ወግ አጥባቂና ለዘብተኛ አርታኢዎች አብረው የሠሯቸውን ገጾች ተመልክቶ ነበር። ውይይታቸው የጋለ ነው። ገጾቹ ግን አንድ ወገን ብቻ ከጻፋቸው በጥራት ይበልጣሉ። አይገርምም። የሚያሸንፍህ ሰው ከጎንህ ካለ ያልተጣራ ነገር መጻፍ ትፈራለህ።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ገጾች አሉት። እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ። ቁጥሩ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የውይይት ገጾቹ ናቸው። ብዙዎቹ ነጭ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ለአንድ የቀን ስህተት ሦስት መቶ አስተያየት የምንጽፍ ሰዎች፣ ስህተቱን ማረም የሚቻልበት ቦታ ላይ ድምፃችን የለም።

ጸሐፊው የአማርኛውን ከንቱነት ለማሳየት አንድ ማስረጃ አቅርበዋል። የአንዲት ወረዳ ከተማ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይሰጣታል። ገብቼ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። ከተማዋን ከራስ ደጀን አናት በላይ ሰቅለዋታል። የሆነው ግልጽ ነው፤ አንዱ በጫማ የተለካውን ቁጥር ወስዶ ሜትር ብሎታል። የገጹን ታሪክ ከፈትኩ። ቁጥሩ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ የነካው ሰው የለም። የውይይት ገጹን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ጸሐፊው ስህተቱን አይተው ያን ሁሉ ገጽ ጽፈውበታል፤ እዚያ ግን አንድ መስመር አልተዉም።

ቁጥሩን ወደ ሜትር ቀይሬ፣ ምንጭ ጠቅሼ፣ በውይይት ገጹ ላይ «ተሳስቼ ከሆነ መልሱትና እዚህ እንነጋገር» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ሆነው። በየቀኑ አያለሁ። እስካሁን የመጣ የለም።